ወንበር የተሸከመችው ልጅ አረማመድ

ሰኞ 3

ቶሎቶሎ ዛሬ ቢሮው ጠራኝ። አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን ነው። ስሙ አይደለም፤ ሁለት ቃል ተናግሮ ሦስተኛው «ቶሎ ቶሎ» ስለሚሆን እኛ የድምፅ ክፍል ሰዎች ያወጣንለት ነው። በሩን ራሱ ዘጋ፣ ወንበር ራሱ ሳበልኝ። ነገሩ ደግ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

«የበዓሉን ካርቱን ዘንድሮ እናድሰዋለን» አለ። «ሥዕሉ እንዳለ ይቆያል፣ ንግግሩም ይቆያል። ሙዚቃውን ብቻ እንቀይራለን።»

ሙዚቃውን ብቻ!

«የዛሬ ልጅ ጃዝ አይሰማም። ደግሞ ያሳዝናል። በዓል ነው እኮ፣ ሞቅ ያለ ነገር ነው የሚያስፈልገን። ሌላ ሰው ከሚነካው አንቺ ብትሠሪው ይሻላል ብዬ ነው፤ አባትሽም እንዳይቀየሙ።»

ፒያኖውን የተጫወተው አባቴ መሆኑን በቴሌቪዥን ጣቢያው ውስጥ የማያውቅ የለም። «ይቀየማል» ማለት ነበረብኝ። «እኔ አልነካውም» ማለት ነበረብኝ። እኔ ያልኩት ግን «ለመቼ ይድረስ?» ነው። ምላሴን ምን ያዘው?

ቤት ስደርስ ደጋግሜ ደወልኩ፤ አባዬ አልከፈተም። በቁልፌ ገባሁ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየኝ ክው አለ። «ምነው እንደ ሌባ?» አለኝ። «ሰው ሲደውል ምናለበት ብትከፍት!» ብዬ ጫማዬን አሽቀነጠርኩ። ፈገግ አለ እንጂ አልመለሰልኝም። ልቡ ከደከመ ወዲህ ከወንበር መነሳት ይከብደዋል፤ አውቃለሁ፤ እያወቅኩ ነው የምጮኸው።

አልነገርኩትም። ነገ እነግረዋለሁ።

ማክሰኞ 4

አልነገርኩትም።

ዓርብ 7፣ አውቶቡስ ውስጥ

ቶሎቶሎ የካርቱኑን ታሪክ በአጭሩ ጻፊልኝ ብሎኛል። ለካስ አይቶት አያውቅም! ያላየውን ነው ያሳዝናል የሚለው። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ይህን ጻፍኩለት፦ አንዲት ትንሽ ልጅ በበዓል ቀን ገበታው ዙሪያ አንድ ወንበር መጉደሉን ታያለች። እንግዳ ይመጣል ተብሏል፤ ማን እንደሆነ አልተነገራትም። ወንበር ፍለጋ ቤት ለቤት ትዞራለች። በመጨረሻ አንድ አሮጌ ወንበር ታገኝና ጭንቅላቷ ላይ ተሸክማ ከተማውን አቋርጣ ትመለሳለች። እንግዳው አይመጣም። ልጅቷ ወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። አለቀ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ከፊቴ ያለች እናት ልጇን ለማባበል ዜማውን ማንጎራጎር ጀመረች። የአባዬን ዜማ። ልጁ ለቅሶውን አቆመ። ያቺ ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ሙዚቃው ድንገት ጸጥ የሚልበት ቦታ፣ እሷም ጸጥ አለች፤ ልጁም አፏን እያየ ጠበቀ። ከዚያ እኩል ቀጠሉ። ያንን ጸጥታ ሰው ሁሉ እንደ ዜማው አካል በቃሉ ይዞታል።

ከፌርማታዬ አልፌ ወረድኩ።

እሑድ 9፣ ማታ

ታላቅ እህቴ ከምትኖርበት ከተማ ደወለች። ስልኩን ለአባዬ ስዘረጋለት በእጁ መለሰልኝ፤ «ስልክ ያሰለቸኛል። ደህና ነው በያት» አለ። እህቴ በእኔ ላይ ተቆጣች፤ ከእሱ ጋር የማላገናኛት እኔ ነኝ መሰላት። ከሩቅ ሆኖ መፍረድ ምን ይከብዳል?

ራት ላይ ግን ጨዋታው መጣለት። ሰሞኑን እንዲህ ነው፤ የጠየቅኩትን አይመልስም፣ ያልጠየቅኩትን ያወራል። እኔም ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሰማሁት። መቶ ጊዜ የሰማሁት ታሪክ ነው፤ ዛሬ ግን እያንዳንዱ ቃል ሆዴ ገባ።

«ሰው ሥዕሉን እያየን የተጫወትነው ይመስለዋል» አለ። «ምን ሥዕል ነበረና! ሠዓሊው ገና እርሳስ አልቀረጸም። እኔን፣ ባለቤዙንና ባለድራሙን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡንና ‹ትንሽ ልጅ ወንበር ተሸክማ ትሄዳለች፣ በሉ ተጫወቱ› አሉን። ተጫወትን። ሠዓሊው ሙዚቃችንን ቤቱ ወስዶ፣ እየሰማ፣ እያንዳንዷን እርምጃዋን በእኛ ምት ላይ ነው የሳላት። በእኔ እጅ ነው የምትሄደው ልጅቷ።»

ከዚያ ወደ ጸጥታዋ መጣ። ባለድራሙ ድራሙን የሚመታበት ብሩሽ ከእጁ አመለጠውና ወለሉ ላይ ወደቀ። ባለቤዙ ሳቁን ለመያዝ ገመዶቹን አፈነ። አባዬ እጆቹን ከፒያኖው አንስቶ አየር ላይ አንጠልጥሎ ጠበቀ። ባለድራሙ ጎንበስ ብሎ ብሩሹን አነሳ፣ ቀጠሉ። «ይጥሉታል፣ እንደገና እንጫወታለን ብለን ነበር። ሠዓሊው ሆዬ ልጅቷን መንገድ መሐል አሳረፋት! ወንበሩን አውርዳ ቁጭ አለችበት። ሰው ስህተታችንን ነው በየዓመቱ የሚያጨበጭብለት።» እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመና እንባው ብቻ ቀረ። ባለቤዙም ባለድራሙም ዛሬ የሉም።

«ዘንድሮን ብቻ ካየኋት ይበቃኛል» አለ።

«ማንን?» አልኩት።

አፌን አየኝ። «ልጅቷን ነዋ» አለ።

ሳህኑን አነሳሁና አጠብኩ። ምን ብዬ ልንገረው?

ረቡዕ 12

አዲሱን ሙዚቃ የሚሠራው ወጣት መጣ። ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር። ሰላም ሳይለኝ ይቅርታ ጠየቀኝ። «እኔ በዚህ ሙዚቃ ነው ያደግኩት» አለኝ። «እናትና አባቴ በዓል በደረሰ ቁጥር ይጣሉ ነበር። ካርቱኑ ሲጀምር ሁለቱም ዝም ይሉ ነበር። እኔና ወንድሜ እንዳያልቅ እንጸልይ ነበር። አሁን እኔ…» አልጨረሰውም።

የሠራውን ሥዕሉ ላይ ጫንነው። ከበሮው ይደልቃል፣ ጥሩንባው ይጮኻል። ልጅቷ ወንበሯን ተሸክማ ከበሩ ወጣች። ወጣቱ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ፣ «ለምንድነው የምታነክሰው?» አለ።

እውነቱን ነው፤ ታነክሳለች። በአባዬ ሙዚቃ ስትሄድ ወንበሩ በራሷ ላይ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፣ እግሯ ትንሽ ይዘገይና ይደርሳል። በአዲሱ ግን እያንዳንዱ እርምጃዋ ከምቱ ወይ ይቀድማል ወይ ይቀራል። መንገድ መሐል ስታርፍ ደግሞ ያለ ምክንያት የተገተረች ትመስላለች። ምቱን ቀየርን፣ አዘገየን፣ አፈጠንን። ማንከሷን አልተወችም።

ሐሙስ 13

ሻይ ክፍል በር ላይ ስደርስ ከውስጥ፦ «በገዛ እጇ የአባቷን ሥራ…» «ምን ታድርግ፣ ታዘዘች።» «እሳቸው ያውቃሉ?» «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገሩ ሁሉ ሰምቶ እሳቸው ብቻ ናቸው ያልሰሙት።»

ሻይ ሳልጠጣ ተመለስኩ።

ቅዳሜ 15

ዛሬ መጥፎ ሰው ነበርኩ። ከሥራ ስመለስ ውሃ ከወጥ ቤት እስከ ኮሪደር ድረስ ተኝቷል። አባዬ ቧንቧውን ከፍቶ ረስቶት እግሩን ዘርግቶ ጋዜጣ ያነባል። ውሃው እንደ ጅረት እየጮኸ! «አይሰማህም እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት። ቀና ብሎ አየኝ፣ ውሃውን አየ፣ እንደ ጥፋተኛ ልጅ አንገቱን ደፋ። መወልወያውን ልቀበልሽ ብሎ ሲነሳ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ።

ቢሮ ውስጥ ለቶሎቶሎ ማር ነኝ፣ ለወጣቱ ሙዚቀኛ ማር ነኝ። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ማለት እኔ ነኝ።

ቆይቶ ይቅርታ ልጠይቀው ወደ ክፍሉ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ስንት ወር ሙሉ ያልነካውን ፒያኖ ከፍቶ ግንባሩን እንጨቱ ላይ አስደግፎ፣ አንዲት ወፍራም ድምፅ ያላት ቁልፍ ደጋግሞ ይመታል። አንዷን ብቻ፣ በኃይል። ዓይኖቹ ተጨፍነዋል። የሚያለቅስ መሰለኝና በእግር ጣቴ ተመለስኩ። ለሞቱት ጓደኞቹ ይሆናል።

ቀድሞ እንግዳ ሲመጣ፣ «ይህቺ ልጅ ጆሮ ከእኔ ወስዳለች፣ ትዕግሥት ግን ከማንም አልወሰደችም» ይል ነበር። ሁሉም ይስቁ ነበር።

ማክሰኞ 18

ወኔዬን ሰብስቤ ቶሎቶሎ ጋ ገባሁ። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አሳየሁት። ሥዕሉ ሙዚቃውን ተከትሎ የተሳለ መሆኑን፣ እንደ ሸሚዝ አውልቆ ሌላ ማልበስ እንደማይቻል ነገርኩት። ልጅቷ ስታነክስ በጣቴ አሳየሁት።

ትንሽ አሰበና፣ «እንግዲያው ልጅቷን ቶሎ ቶሎ አስኪጃት» አለኝ።

አብሮኝ የገባው ወጣት ሙዚቀኛ እያሳለ ሳቁን ሸፈነ። ሞከርነው፤ ልጅቷ እሳት ከያዘው ቤት ሸሽታ የምትሮጥ መሰለች። ቶሎቶሎም እሱንስ ተዉት አለ። ሥዕሉ እንደነበረ፣ ሙዚቃው እንደ አዲሱ ይሂድ፤ «ልጅ አያስተውልም» አለ። ጸጥታዋም ከበሮ ይሙላባት ተባለ፤ ሰው ቴሌቪዥኑ የተበላሸ እንዳይመስለው።

ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ። ይህን በልቤ ነው ያልኩት። በአፌ «እሺ» ነው ያልኩት።

ዓርብ 21

ነገርኩት።

አባዬ ወጥ ቤት መስኮት ላይ ቆሞ ወደ ግቢው ይመለከት ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ። ፊቱን እያየሁ ማውራት አልችልም ነበርና በዚያው ጀመርኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ሥራው እንደተሰጠኝ፣ እምቢ እንዳላልኩ፣ በጓደኞቹ ምት ላይ ከበሮ የጫንኩት እኔው ራሴ እንደሆንኩ፣ ጸጥታዋን እንኳን እንዳላተረፍኩለት። «ይቅር በለኝ አባዬ» አልኩት። ጠበቅኩ።

አልዞረም። ማቀዝቀዣው እያጉረመረመ፣ እኔ ጠረጴዛውን ይዤ፣ እሱ ውጭ ውጭውን እያየ።

በመጨረሻ፣ «ሰማዩ ጠቁሯል። ልብሱን አስገቢ» አለኝ።

ቢሰድበኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ልብሱን አስገባሁ። እያጠፍኩ አለቀስኩበት።

ቅዳሜ 22

እንደ ወትሮው ያናግረኛል። ሻይ አፍልቶ አቀረበልኝ። ስለ ትናንቱ አንድም ቃል የለም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሱ ዝምታ ግን እኔን እየበላኝ ነው።

እሑድ 23፣ ሆስፒታል

ሌሊት ትንፋሽ አጠረው። አሁን ተረጋግቷል። ዶክተሩ ልቡ በጣም እንደደከመ፣ ቤት ብንወስደውም እዚህ ቢቆይም ያው እንደሆነ ነገረኝ። አባዬ በዓሉን ቤቴ ነው የማሳልፈው አለ።

ነርሷ በጆሮው እየጮኸች ነው የምታናግረው። ደሜ ፈላ። «ሽማግሌ ሁሉ ደንቆሮ አይደለም!» አልኳት። አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ ድምፅዋን ቀነሰች። ከዚያ በኋላ ለጠየቀችው ሁሉ መልስ አልሰጣትም። ተቀይሟት ይሆናል።

አጠገቡ ተቀምጬ አንድ ነገር አሰብኩ። በዓሉ ሳይደርስ ቢ

ያችን መስመር ሰርዣታለሁ። ሰው የገዛ አባቱን እንዲህ ያስባል? የአባቴ ጆሮ ያን ከበሮ ከሚሰማ ብዬ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ሌላ አይደለም።

ማክሰኞ 25

ቤት ገብቷል። ከታችኛው ፎቅ ያሉት ልብስ ሰፊ፣ እትዬ፣ ቀን ቀን ሥራቸውን ይዘው እየመጡ አብረውት ይውላሉ። ሁለቱ ሲግባቡ ይገርመኛል። እሳቸው መርፌውን አፋቸው ላይ አድርገው በእጅ በዓይናቸው ያወሩታል፣ እሱ ይስቃል። እኔ ስገባ ነው የሚዘጋው።

ሥራውን ዛሬ አስረከብኩ። ወጣቱ ሙዚቀኛ ስሜን አትጻፉ ብሎ ለመነ።

ከማስረከቤ በፊት በሩን ዘግቼ አሮጌውን አንዴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁት። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ለምን አልሰለቸውም? ያልተሰማ ዜማ አይደለም፤ ቀረጻውም ሸካራ ነው። እኔ የመሰለኝ ይኼ ነው፦ የቀረው የበዓል ሙዚቃ ሁሉ ደስ ይበልህ ብሎ ያዝሃል። ይኼኛው አያዝም። የሚቀር ሰው እንዳለ ያውቃል፣ የሚጎድል ወንበር እንዳለ ያውቃል፤ አውቆ አብሮህ ይሄዳል። ልጆች ይህን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። ለዚያ ነው የማያለቅሱት።

አንድ መላ መጣልኝ። አሮጌውን ፍላሽ ላይ ገልብጫለሁ። በበዓሉ ማታ ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት እደርስና እሱን አጫውትለታለሁ። የነገርኩትን ረስቶት እንደሆነ ልዩነቱን አያውቅም። ካልረሳውም ማታለሌን ይቅር ይለኛል። እኔ እስክመጣ ቴሌቪዥኑን እንዳይከፍቱ ለእትዬ ነግሬያለሁ።

ዓርብ 28፣ የበዓሉ ማታ

ቶሎቶሎ አልለቀቀኝም። «ምናልባት ድምፁ ቢበላሽ» ብሎ የመጀመሪያው ሥዕል እስኪታይ አስቀመጠኝ። የሚበላሽ ነገር ተርፎ! ታክሲ ይዤ ፍላሹን በመዳፌ ጨብጬ በረርኩ።

ደረጃው ላይ ሳለሁ ሰማሁት። ከበሮውን፣ ጥሩንባውን፣ የገዛ ሥራዬን። እስከ ሦስተኛው ፎቅ ይደልቃል።

በሩ ክፍት ነው። እትዬ መግቢያው ላይ ቆመዋል። «ምን ላድርግ የኔ ልጅ፣ ሰዓቱን አይተው ራሳቸው ከፈቱት» አሉኝ በሙሉ ድምፃቸው።

«ቀስ ይበሉ፣ ይሰማናል» አልኳቸው።

እትዬ ትክ ብለው አዩኝ።

አባዬ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ወንበሩ ላይ ነው፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ። እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። እንደገና አመመው ብዬ ልሮጥ ስል ቆምኩ። መንቀጥቀጥ አይደለም። እየተጫወተ ነው። አሥሩም ጣቶቹ ብርድ ልብሱ ላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ከቴሌቪዥኑ ከሚወጣው ጋር ግን በምንም አይገናኙም። ልጅቷ እግሯን ስታነሳ ጣቱ ይነሳል፤ ስታሳርፍ፣ ያቺን ትንሽ ዘግየት ብላ ስታሳርፍ፣ ያርፋል።

ልጅቷ መንገዱ መሐል ደረሰች። ወንበሩን አወረደች፣ ተቀመጠችበት። የእኔ ከበሮ ቤቱን ሊያፈርስ ይደልቃል። የአባዬ ሁለት እጆች ከብርድ ልብሱ ተነስተው አየር ላይ ቆሙ። ጠበቁ። ከጎን ጉንጩ ሲስቅ አየሁት፤ ብሩሹ ወለሉ ላይ ወድቋል፣ ባለድራሙ ጎንበስ ብሏል። ልጅቷ ብድግ ስትል እጆቹ ወረዱ።

«እትዬ» አልኩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አምና ትንሽ ትንሽ ይሰሙ ነበር። አሁንማ ወራት ሆናቸው፣ ምንም። ‹ሥራዋ ድምፅ ነው፣ ከሰማች ትሰበርብኛለች› ብለው አስማሉኝ። እኔ እንደሆን አብረሽ እየኖርሽ መቼም ሳታውቂ አትቀሪም ብዬ…»

የደጁ ደወል። ስልኩ። ውሃው። ግንባሩ ፒያኖው ላይ። ነርሷ፣ ምስኪን ነርሷ። ልብሱን አስገቢ።

ያን ሁሉ የተናዘዝኩት ለመስኮት ነበር።

ጥላዬን አይቶ ዞረ። ፊቱ በርቷል። «መጣሽ? ነይ፣ ነይ ቁጭ በይ! አየሽ አይደል፣ ዘንድሮም አልነኩትም!»

ፊት ለፊቱ ተንበረከክኩ። ዓይኑ ዓይኔን አይደለም የሚያየው፣ አፌን ነው። ከመቼ ጀምሮ አፌን ነው የሚያየው? አሁን ብነግረው ይገባው ነበር። ቀስ ብዬ፣ ከንፈሬን ገልጬ፣ «ማን ይነካዋል?» አልኩት።

«እኮ!» አለና ወደ ሥዕሉ ተመለሰ።

ሪሞቱን አንስቼ ድምፁን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግኩት። አባዬ አላወቀም። እትዬ በሩን ዘግተው ገቡና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ወንበሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ቤቱ ውስጥ ብርድ ልብሱን የሚመቱት ጣቶቹ ብቻ ይሰማሉ። ልጅቷ ወንበሯን ተሸክማ ከተማውን አቋርጣ ቤቷ እስክትደርስ ድረስ አንዴም አላነከሰችም።